የውጭ ድግስ አቅራቢ በእድራችን አዳራሽ

(በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በተደረገው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአስተዳደር ኮሚቴው ስም የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎቻችን እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ የለቅሶ አይደለም። እድር ሲባል ድንኳንና ለቅሶ ብቻ ስለሚታሰብ፣ ገና ከመቀመጫችን ስንነሣ ‹‹ደግሞ ማን ሞተ?›› ብላችሁ የደነገጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጉዳያችን ሠርግ ነው። ይኸውም በዚህ አዳራሽ ልጁን የሚድር አባላችን ምግቡን ከውጭ በሚመጣ ድግስ አቅራቢ ማሠራት ይችላል ወይስ አይችልም? ቢችልስ በምን ሁኔታ? የሚለው ነው። ከተማው ሁሉ ዛሬ ‹‹ኬተሪንግ›› የሚለውን ነው እኛ ድግስ አቅራቢ የምንለው፤ በስሙ አንጣላም።

እንደምታስታውሱት፣ አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ የነበረው ደንብ አጭር ነበር። አዳራሹን የተከራየ ሰው በአዳራሹ ኩሽና፣ በእድሩ ብረት ድስትና በእድሩ ወጥ ሠሪዎች ያሠራል፤ ከውጭ የተሠራ ምግብ አይገባም። ደንቡ ሲወጣ የተሰጠው ምክንያት ንጽሕና ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ንጽሕና ብቻ አልነበረም። ከኩሽናውና ከዕቃው ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ ለእድሩ ሣጥን ጥሩ ድጋፍ ነበር፤ ወጥ በመሥራት የሚተዳደሩ እናቶቻችንም በዚሁ እንጀራቸውን ያገኙ ነበር። ሁለቱም የሚያሳፍሩ ምክንያቶች አይደሉም። የሚያሳፍረው በግልጽ አለመናገራችን ነው። አባሎቻችን ‹‹ለንጽሕና ነው›› እየተባሉ ኮሚቴው የሚያስበው ስለ ገንዘቡ መሆኑን ልባቸው ያውቅ ነበር።

ታዲያ ደንቡ ይከበር ነበር ወይ? የት ተከብሮ! ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዋናው በር የእድሩ ድስት ሲገባ፣ በጓሮው በር ደግሞ ሌላ ድስት ይገባ ነበር። ዘበኛው ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ‹‹ከቤት የተሠራ ነው፣ አክስቴ የላከችው ነው››። አንድ ጊዜማ የድርጅቱ ስም በትልቁ የተጻፈበት ጎላ ድስት በነጠላ ተጠቅልሎ ሲገባ አይተናል። ነጠላው አጭር ስለነበረ ስልክ ቁጥሩ ከሥር ይታይ ነበር። ሳቅን፤ አሳለፍነውም። ነገር ግን ተደብቆ የሚገባ ምግብ ማንም የማይጠይቅበት ምግብ ነው። ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ በምን ተጓጓዘ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያቱም በደንቡ መሠረት ምግቡ የለም! ስለዚህ ለንጽሕና የወጣው ደንባችን ንጽሕናን የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ።

አባሎቻችንንም መውቀስ አይገባም። የቀድሞውን ድግስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠላው አስቀድሞ ይጠነሰሳል፤ በርበሬው ይደለዛል፤ ሐሙስ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቢላዋ ይዘው መጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ዓርብ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ቅዳሜ በሬው ይጣላል። ያ ድግስ በነፃ የተደገሰ ይመስለናል እንጂ ነፃ አልነበረም። ጉልበቱ ብድር ነው። ዛሬ የእኔን ሽንኩርት የከተፈችልኝን ነገ የልጇ ሠርግ ሲደርስ እከትፍላታለሁ። አሁን ግን ባልም ሚስትም ሥራ ውለው ማታ ይገባሉ፤ ለሦስት ቀን ሽንኩርት ልከትፍ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ የሚፈቅድስ አለቃ ከወዴት ይገኛል? ከአባሎቻችን እኩሌቶቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ አይጣልም። የቆረጠ ሰው እንኳ ብድሩን መመለስ አልችልም ብሎ ጎረቤት ለመጥራት ያፍራል። እንግዲህ በገንዘብ ቢያሠራ ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ አስበን፣ ኮሚቴያችን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደንቡን ለሙከራ አላላው። ለጥር ወር ሠርጎች የፈለገ ሰው የውጭ ድግስ አቅራቢ እንዲያስገባ ፈቀድን። ፈቀድን ማለት በሩን ከፈትን ማለት ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አላደረግንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለዚህ የሆነውን በዝርዝር መናገር አለብን።

በዚያው በጥር ወር በአንዱ እሑድ አንድ አባላችን ልጃቸውን ዳሩ። ድግስ አቅራቢው በሰዓቱ መጣ። ሠራተኞቹ ነጭ ለብሰዋል፤ ቆብና ጓንት አድርገዋል፤ ከሥሩ እሳት የሚነድለት ባለ ክዳን ማሞቂያ ደረደሩ፤ ቡፌው እስከ ግድግዳው ድረስ ዘለቀ። አየነውና ‹‹እንዲህ ያለውን ነው ለካ ስንከለክል የኖርነው!›› ተባባልን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚመገቡበትም ጠረጴዛ በአንድ በኩል ተለይቶ ተዘጋጅቷል፤ ሥጋው በሙስሊም አራጅ ታርዶ፣ በሙስሊም ወጥ ሠሪ፣ በተለየ ዕቃ ተሠርቶ ነበር። ደጋሹ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለዋል። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥብሱ አለቀ። ከአሳላፊዎቹ አንዱ፣ ገና ልጅ ነው፣ ጎደለ ብሎ ከዋናው ቡፌ ሞልቶ አመጣና በጎደለው ላይ ጨመረበት። ጭልፋውንም ከዚያው ይዞ መጣ። ይህን ያዩት በዚህ ሰፈር ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ አንድ አባታችን ናቸው። ምንም አልተናገሩም። ሳህናቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ አጠገባቸው ላሉት በጆሮ ነገሩ፤ ሁሉም እጃቸውን ታጥበው፣ እንደ በላ ሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ቆይተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ወጡ። በዚያ ቀን ከእኛ መካከል ያወቀ ሰው አልነበረም። የሰማነው በማግስቱ ነው።

ከኮሚቴው ሦስት ሆነን ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። የተናገሩት ነገር አጭር ነበር፤ ‹‹ልጁን አትቆጡት፣ ማን ነገረውና ይወቅ?›› አሉን። ስንወጣ እርስ በርሳችን ለመተያየት አፈርን።

በእርግጥም ማንም አልነገረውም። እናቶቻችን በኩሽናው ሲሠሩ ይህን የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም ነበር። የቱ ድስት የማን እንደሆነ፣ የትኛዋ እናት በንስሐ ምክንያት ሥጋ እንደማትበላ፣ የትኛው አባት ስኳር ስላለበት ጣፋጭ እንደማይቀርብለት፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ እንደሆነና ምግቡ እዚያው እንደሚላክለት ያውቁ ነበር። እኛ ኩሽናውን ለውጭ ሰው ስንለቅ ድስቱንና ምድጃውን ብቻ የለቀቅን መስሎን ነበር። ያንን ሁሉ እውቀት ግን የሚያስረክብ ሰው አላዘጋጀንም። ድግስ አቅራቢው የሚያውቀው የሰው ቁጥር ነው። ማን ማን እንደሚቀመጥ የምናውቀው እኛ ነን።

በዚያው ሠርግ ላይ የታየ ሌላም ነገር አለ። ማምሻውን ከአዳራሹ በር ላይ የኔ ቢጤዎች ተሰብስበው ነበር። በሰፈራችን ሠርግ ሲሆን የተረፈው ለእነሱ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ዕቃ አጣቢዎቹና ዘበኞቹም ከድግሱ መጨረሻ የየድርሻቸውን ይጠብቃሉ። የድግስ አቅራቢው ሰዎች ግን የተረፈውን በባልዲ በባልዲ አድርገው መኪና ላይ ጫኑና ሄዱ። ስንጠይቃቸው ‹‹በሰው ልክ ነው የተከፈለን፣ ትርፉ የእኛ ነው›› አሉ። ደጋሹ ደግሞ ‹‹ገንዘቡን የከፈልሁት እኔ፣ ትርፉ እንዴት የእነሱ ይሆናል?›› አሉ። በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። በር ላይ የቆሙት ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በሰው ልክ የሚለውም ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የጥሪ ወረቀቱ ‹‹ከነቤተሰብዎ›› ይላል። ከነቤተሰብ ማለት ሁለት ሰው ነው ወይስ ስድስት? በእኛ ሰፈር ሠርግ ልጅ ይዞ የማይመጣ ማን አለ? ድግስ አቅራቢው ሳህን ይቆጥራል፤ ደጋሹ ወረቀት ይቆጥራል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። ምግቡ ማለቅ ሲጀምር የድርጅቱ ሰው የሙሽራውን አባት ከፎቶግራፍ መሐል ጠርቶ ‹‹ጨምሩ አለዚያ ቡፌው ይዘጋል›› ሲል የሰማን አለን። ሰው ልጁን በሚድርበት ቀን እንዲህ ያለ ቃል መስማት የለበትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቻችን ‹‹በቃ፣ ወደ ድሮው ደንብ እንመለስ›› ብለን ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ግን አይሆንም አልን። ብንከለክልም ድስቱ በነጠላ ተጠቅልሎ መግባቱ አይቀርም። የውጭ ድግስ አቅራቢ ይግባ፤ ግን በግልጽ ይግባ፤ በወረቀት ይግባ፤ የሰፈር ሰውም ከአጠገቡ ይቁም። የምናቀርብላችሁ ሐሳብ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ እንናገር። ብዙዎቻችን ድግስ አቅራቢ ስንይዝ ቀብድ እንከፍላለን፤ ደረሰኝ እንኳ ሳንቀበል በእጅ ሰላምታ እንለያያለን። ከአባሎቻችን አንዱ ባለፈው ዓመት ቀብድ ከፍለው ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ድርጅቱ ‹‹ሌላ ትልቅ ድግስ ስለ ደረሰብን አንችልም›› ብሎ ገንዘባቸውን መለሰላቸው። እሳቸውም ገንዘቤ ከተመለሰ ምን እላለሁ ብለው ተቀበሉ። ልንነግራችሁ የምንፈልገው፣ ሕጉ ከዚህ የተሻለ መብት ይሰጣችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና አሁንም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እኚህ አባላችን የሰጡት ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በወረቀት ቢሰፍር ኖሮ እጥፉን ሊጠይቁ ይችሉ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ‹‹ቀብድ›› የሚለው ቃል ይጻፍ። ‹‹ቅድሚያ ክፍያ›› ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኋላ ለክርክር በር ይከፍታል። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1731 እንደተመለከተው፣ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። የተዋዋላችሁትን ካልጻፋችሁት ግን የትኛውን ሕግ ታሳያላችሁ?

በውሉ ውስጥ ምን ይግባ? ስንት ሰው፣ ምን ምን ምግብ፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ሰው ቢጨምር ለአንዱ ስንት እንደሚታሰብ፣ ትርፉ የማን እንደሆነ። የመጨረሻውን አደራ እንዳትረሱት። እኛ በበኩላችን በአዳራሹ የኪራይ ውል ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እንጨምራለን፤ ይኸውም ትርፉ ከአዳራሹ ከመውጣቱ በፊት ለዘበኞች፣ ለዕቃ አጣቢዎችና በበር ለሚጠብቁ ይካፈላል የሚል ነው። በዚህ የማይስማማ ድግስ አቅራቢ ሌላ አዳራሽ ይፈልግ።

ቀንም ተመልከቱ። ሠርጉ እሑድ ፍስክ ሆኖ መልሱ ሰኞ ጾም ሊሆን ይችላል። በ2018 ዓ.ም. የነነዌ ጾም ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል፤ ጥር 24 እሑድ ለመዳር የተመዘገባችሁ ሁለት ቤቶች አላችሁ። የእሑዱን የተረፈ ክትፎ ለሰኞ መልስ አቀርባለሁ የሚል ድግስ አቅራቢ ቢመጣባችሁ አትደነቁ፤ የቀን መቁጠሪያውን የሚያይለት ሰው የለም።

አሁን ወደ ዋናው የጤና ነገር እንግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ እንዳትሰለቹን። ከውጭ የሚመጣ ምግብ የሚለየው በሠሪው እጅ ሙያ አይደለም። የሚለየው በሰዓቱ ነው። እናቶቻችን ሲሠሩ ሌሊቱን ቆመው ነበር የሚሠሩት፤ ድስቱ ሰው እስኪበላ ድረስ ከፍም ላይ አይወርድም። የውጭ ድግስ አቅራቢ ግን ለእሑድ ምሳ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ በራሱ ኩሽና ሠርቶ፣ በትልቅ ድስት አሳድሮ፣ ጠዋት በመኪና ይጭናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ አልጫ ከእሳት ሲወርድ ላዩ ይበርዳል እንጂ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል። የሥጋ ወጥ የሚወድ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ መፍላትን ችሎ ይተርፋል፤ ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ በዚያ ለብታ ውስጥ በፍጥነት ይራባል። ወጡ አይሸትም፤ መልኩም አይለወጥም። በልቶ የሄደው ሰው ግን ከስድስት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ያስቀምጠዋል። ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን ሥቃይ ነው፤ ለሽማግሌና ለሕፃን ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በምክሩ እንደሚያስተምረው፣ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ መቀመጥ የለበትም፤ በትኩሱ የሚቆይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቆይ፤ በቀዝቃዛ የሚቆይ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፤ እንደገና ሲሞቅ ደግሞ መሐሉ ድረስ 70 ዲግሪ ይድረስ። ወጡ የሚያድር ከሆነ በጥልቅ ድስት አይደር፤ ጠለቅ ባላለ ሰፋፊ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ይቀዝቅዝና ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ጠዋት እስኪንፈቀፈቅ ይሙቅ። ከቡፌው ሥር የሚነደው ትንሽ እሳት ትኩሱን ምግብ በትኩስነቱ ለማቆየት ነው እንጂ የበረደውን ለማፍላት አይችልም። ብዙ ድግስ አቅራቢ በዚህ ይሳሳታል። ኮሚቴው የምግብ ሙቀት መለኪያ አንድ ገዝቷል፤ እንደ እስክሪብቶ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ድስቱ መሐል ተወግቶ ይነበባል። ምግቡ ሲደርስ በደጋሹ ፊት ይለካል፤ ከ60 በታች የሆነ ትኩስ ምግብ ሳይፈላ ለሰው አይቀርብም። ይህን የማይወድ ድግስ አቅራቢ ካለ አስቀድሞ ይንገረን።

ጥሬ ሥጋን በሚመለከት አጭር ቃል ብቻ አለን። ቁርጥ ከሠርጋችን አይጠፋም፤ ይጥፋም አንልም። ሆኖም ኮሶ የሚይዘን ካልበሰለ የበሬ ሥጋ መሆኑን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ስለዚህ ለቁርጥና ለክትፎ የሚመጣው ሥጋ በቄራ ታርዶ፣ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበት ይሁን። ክትፎ ደግሞ ሲበላ ይከተፍ እንጂ ከጠዋት ተከትፎ አይጠብቅ። ድርጅቱም የንግድ ፈቃዱንና የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ወረቀት ቅጂ ለኮሚቴው ያሳይ።

ስለ መብራትና ስለ ውሃም አትርሱ። የአዳራሹ መስመር የሙዚቃውን ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የሻይ ማፍያውን አንድ ላይ አይችልም፤ ባለፈው ጥር ሦስት ጊዜ ብሬከሩ ወድቋል፤ አንደኛው የወደቀው ሙሽሮቹ ሲገቡ ነበር። ምድጃ የሚፈልግ ድግስ አቅራቢ የራሱን ሲሊንደር ያምጣ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ከዋዜማው ይሞላ። ቅባትና አጥንት በመታጠቢያው ቱቦ አይፈስስ፤ ቱቦውን ለማስከፈት የከፈልነው ገንዘብ የአንድ ሠርግ የዕቃ ኪራይ በልቶብናል። ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት አያወጡም ብለው ያጉረመረሙ እናትም ነበሩ፤ እውነት አላቸው፤ ግን ለእሱ ደንብ አናወጣም፤ ደጋሹ ቀምሶ ይዋዋል።

አሁን የቀረን የሰፈር ሰው ያልነው ነገር ነው። የውጭ ድግስ አቅራቢ በገባበት ሠርግ ሁሉ ከእድራችን ወጥ ሠሪ እናቶች አንዷ እንድትመደብ፣ የቀን አበልም ከደጋሹ እንድታገኝ ሐሳብ እናቀርባለን። ሥራዋ ወጥ መሥራት አይደለም። የኩሽናው ቁልፍ በእሷ እጅ ይሆናል። ምግቡ ሲደርስ ትቀበላለች፤ ሙቀቱን ትለካለች። አሳላፊዎቹን ሰብስባ የቱ ጠረጴዛ የማን እንደሆነ፣ የቱ ጭልፋ ከየት እንደማይነቃነቅ ሰው ከመግባቱ በፊት ትነግራቸዋለች። ሠርጉ የሙስሊም አባላችን ቢሆንና ለክርስቲያን እንግዶች ተለይቶ ቢዘጋጅም እንዲሁ ነው። በዚያኛው ጠረጴዛ ምግብ ሲጎድል ከየት እንደሚሞላ የምትፈቅደው እሷ ብቻ ትሆናለች። ማምሻውን ትርፉን የምታካፍለውም እሷ ናት።

ይህን ስንል ‹‹ሥራቸውን ወስዳችሁ ዘበኛ ታደርጓቸዋላችሁ ወይ?›› የሚል ቅሬታ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቅሬታው መሠረት አለው። ከድሮው የወጥ መሥሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የቀኑ አበል ያነሰ ይሆናል፤ ይህን አንክድም። የኩሽናውንም ኪራይ እንደ ድሮው ማስከፈል አንችልም፤ የእድሩ ገቢ ይቀንሳል፤ በስንት እንደሚቀንስ ገንዘብ ያዣችን ከዚህ ቀጥሎ በቁጥር ያቀርባሉ። በእናቶቻችን ለማሠራት የሚመርጥ ቤት ካለ ኩሽናው እንደ ድሮው ክፍት ነው፤ ቅድሚያም ይሰጠዋል። ለጥር 2018 ከተመዘገቡት መካከል አንድ ቤት እንዲህ እንደሚፈልግ ነግሮናል፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው እንዳይታጣ ግን ከአሁኑ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ወንዶችም ብትመዘገቡ ቢላዋ አይጠፋም።

ለሐሳብ መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን። ነገር ግን በተለመደው ተራ አንሄድም። መጀመሪያ የሚናገሩት ወጥ ሠሪ እናቶቻችን ይሁኑ፤ ደንቡ ሲወጣም፣ ሲላላም እነሱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከእነሱ ቀጥሎ ከኋላ የተቀመጡት አባታችን፣ ስማቸውን አንጠራም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ቢናገሩ ደስ ይለናል።